ሎርድ ሰባስቲያን ኮ የሚባል ሰው የለም

(ይህ ለጋዜጠኞችና ለተርጓሚዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ማን ነው? አዎ፣ ሰባስቲያን ኮ። በስፖርት ዜናዎቻችን ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ሎርድ ሰባስቲያን ኮ» ሆኖ ይመጣል። ሰውየው ሎርድ መሆኑ እውነት ነው። ስሙ ሰባስቲያን መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ግን ሌላ ሰው ይወጣችኋል።

በእንግሊዝኛው ደንብ «ሎርድ» ከሰው የራሱ ስም ጋር ሲሄድ «የዱክ ወይም የማርክዊስ (የሁለቱ ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረጎች) ልጅ ነው» ማለት ነው። የኮ አባት ፒተር ኮ ደግሞ ዱክ አልነበረም። ልጁን ራሱ የሚያሠለጥን መሐንዲስ ነበር። ያ ልጅ በ1980 እና በ1984 ኦሎምፒክ የ1500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ፓርላማ ገባ። በ2000 ደግሞ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ተደረገ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትክክለኛው አጠራር «ሎርድ ኮ» ነው። በቃ። ሰባስቲያንን መጨመር ከፈለጋችሁ ሎርዱን ጣሉትና «ሰባስቲያን ኮ» በሉ። ይሄም ነውር የለበትም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። እኔም ስለ እንግሊዝ መሳፍንት ክብር ተጨንቄ አይደለም የመጣሁት። ነገሩ የመረጃ ጉዳይ ነው። እንግሊዞች ማዕረግን ከየትኛው ስም ጋር እንደሚያስቀምጡት ብቻ በማየት ሰውየው ማዕረጉን በሥራው ይሁን፣ በአባቱ ይሁን፣ በትዳር ይሁን ያገኘው ማወቅ ይቻላል። ቦታውን ስታዛቡ ያልሆነ ታሪክ ነው የምትነግሩት። አንባቢያችሁ ባይገባው እንኳ፣ ዜናችሁን የሚያይ ለንደን ያለ ዘመዳችሁ ይገባዋል።

በቀላሉ እንጀምር። «ሰር» ላይ እኛ እምብዛም አንሳሳትም፤ የራሳችን ልማድ ስለሆነ። ራስ አሉላ፣ ደጃዝማች ባልቻ፣ አቶ ከበደ እንላለን። ማዕረጉ የሚሄደው ከሰውየው ስም ጋር ነው፤ ከአባቱ ስም ጋር አይሄድም። «ሰር» ላይ እንግሊዞችም እንደኛው ናቸው። የማንቸስተር ደጋፊ «ሰር አሌክስ» ሲል ማንም አስተምሮት አይደለም፤ አፉ ላይ የመጣለት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ፈርጉሰን ማዕረጉን ያገኘው በ1999፣ ሦስቱን ዋንጫ በአንድ የውድድር ዘመን ባነሳበት ዓመት ነው። «ሰር ፈርጉሰን» ግን አይባልም። ሞ ፋራህም «ሰር ሞ» ነው፤ «ሰር ፋራህ» አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ስታርመርም «ሰር ኬር» ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው ገና በ2014፣ ከዐቃቤ ሕግነት ሥራው የተነሳ ነው። ሙሉ ስም ስትጠቅሱ «ሰር ኬር ስታርመር» ማለት ይቻላል።

ጣጣው ሚስትየው ጋ ሲደረስ ነው። የሰር ባለቤት «ሌዲ» ትባላለች። ግን ከባሏ የቤተሰብ ስም ጋር ነው፤ «ሌዲ ፈርጉሰን»። በ2023 ስታርፍ የእንግሊዝ ጋዜጦች ሳይቀሩ «ሌዲ ካቲ» እያሉ ጻፉ። በደንቡ ከሄድን «ሌዲ ካቲ» ማለት አባቷ ዱክ፣ ማርክዊስ ወይም ኧርል ነበር ማለት ነው። የቋንቋው ባለቤቶችም ይሳሳታሉ እንግዲህ። እኛ ግን ስህተቱን ከነሱ ኮርጀን ማምጣት የለብንም።

ሴት በራሷ ሥራ ስትሸለም «ዴም» ትባላለች፤ እሱም እንደ ሰር ከራሷ ስም ጋር ይሄዳል። የዴም ባል ግን ምንም አያገኝም። ሚስት በባሏ ሌዲ ስትሆን፣ ባል በሚስቱ ሚስተር ሆኖ ይቀራል። ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም። ግን ደንቡ እንደዚያ ነው።

«ሰር» ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ባሮኔት የሚባል አለ። እሱም «ሰር» ነው የሚባለው፤ ልዩነቱ መወረሱ ነው። አባት ሲሞት የበኩር ልጅ «ሰር» ይሆናል። ይህን ማዕረግ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1611 ሲፈጥር ዋጋ ቆርጦለት ነበር። ሰሜን አየርላንድ ላለው ጦር ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር፣ 1,095 ፓውንድ ለሚከፍል ጨዋ ሰው ማዕረጉን ሰጠ። ሂሳቡ 30 ወታደር ለሦስት ዓመት ይቀልባል ተብሎ የወጣ ነው።

ማርጋሬት ታቸርን በዚህ በኩል እንያቸው፤ ሁሉም ነገር እሳቸው ላይ አለ። ሥልጣን ሲለቁ ወይዘሮ ታቸር ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ባላቸው ዴኒስ ባሮኔት ተደረጉ። ስለዚህ እሱ «ሰር ዴኒስ»፣ እሳቸው «ሌዲ ታቸር» ሆኑ። በባላቸው ማለት ነው። በ1992 ደግሞ በራሳቸው ሥራ የሎርዶች ምክር ቤት ገቡና «ባሮነስ ታቸር» ተባሉ። በንግግር ላይ ባሮነስም «ሌዲ» ስለሚባል ሰዎች አሁንም «ሌዲ ታቸር» ነው የሚሏቸው። አንዱ ስም ነው፤ የመጣው ግን በሁለት መንገድ። «ሌዲ ማርጋሬት» ካላችሁ ደግሞ የመኳንንት ልጅ አደረጋችኋቸው። አባታቸው ግራንተም ከተማ ውስጥ የአስቤዛ ሱቅ የነበራቸው ሰው ናቸው። ዴኒስ በ2003 ሲሞቱ ልጃቸው ማርክ «ሰር ማርክ» ሆነ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከኢኳቶሪያል ጊኒ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጋር በተያያዘ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጣ። ሰርነቱ ግን አልተነሳም። የተወረሰ ነዋ።

አሁን ወደ ዋናዎቹ እንሂድ። የመኳንንቱ ደረጃ አምስት ነው። ከላይ ወደ ታች፦ ዱክ፣ ማርክዊስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን። (ቫይካውንት ላይ «ስ» አትነበብም። እኛ «ቪስካውንት» የምንለው ከፊደሉ እያነበብን ነው።) ሰርም ባሮኔትም ከነዚህ ውስጥ አይደሉም፤ ከበታች ናቸው።

ዱክን ለብቻው አውጡት። ዱክ «ዱክ» ነው የሚባለው፤ ሎርድ አይባልም። የቀሩትን አራቱን ግን በንግግርም በዜናም «ሎርድ» ብላችሁ መጥራት ትችላላችሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የማዕረጉ ስም ነው። የዲያና ወንድም ቻርልስ ስፔንሰር ኧርል ነው። «ኧርል ስፔንሰር» ወይም «ሎርድ ስፔንሰር» ይባላል። «ኧርል ቻርልስ ስፔንሰር» ስህተት ነው። ባሮንን ደግሞ በእንግሊዝ ማንም «ባሮን እከሌ» ብሎ አይጠራም። ያ የጀርመንና የፈረንሳይ ነው። የቶተንሃም ባለቤት የነበረው አለን ሹገር በ2000 «ሰር አለን» ሆነ። በ2009 ደግሞ ባሮን ሲደረግ «ሎርድ ሹገር» ሆነ። ልብ በሉ፣ ማዕረጉ ሲያድግ የራሱ ስም ጠፋ። «ሎርድ አለን ሹገር» የሚል ብዙ ታገኛላችሁ። አትከተሉት።

እዚህ ላይ ነው የኛ ልማድ የሚያሳስተን። «ሰር» ላይ የጠቀመን ሰውን በራሱ ስም የመጥራት ልማድ «ሎርድ» ላይ ገደል ይከተናል።

ታዲያ «ሎርድ» ከራስ ስም ጋር የሚሄድበት ቦታ የት ነው? የዱክና የማርክዊስ ታናናሽ ወንዶች ልጆች ጋ። የዊንስተን ቸርችል አባት «ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል» ይባላል። የሰባተኛው የማርልቦሮ ዱክ ልጅ ነው፤ ግን የበኩር አልነበረም። ይህ ሎርድነት ለአክብሮት የሚሰጥ አጠራር ብቻ ነው፤ በሕግ ፊት ሰውየው ተራ ዜጋ ነው። ለዚህም ነው ሎርድ እየተባለ ሎርዶች ምክር ቤት ሳይሆን የሕዝብ ተመራጮች ምክር ቤት የተቀመጠው። ሚስቱ ጄኒ ከብሩክሊን የመጣች አሜሪካዊት ነበረች። ምን ተባለች? «ሌዲ ራንዶልፍ»። የባሏን የራሱን ስም! አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ለምትኖር የኛ ሴት ይሄ ጉድ ነው። ዛሬም ቢሆን ቀርቷል እንዳትሉ። የኬንቱ ልዑል ማይክል ባለቤት «የኬንቷ ልዕልት ማይክል» ናት የምትባለው። ይህን የተረጎመ ሰው ሁለቴ ማሰቡ አይቀርም።

ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ኧርልም ይጨመራል። የዱክ፣ የማርክዊስና የኧርል ሴት ልጅ ሁሉ «ሌዲ» ናት፤ ከራሷ ስም ጋር። ማዕረግ የሌለው ሰው ብታገባም ይህ አይወሰድባትም። የጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ሚስት የዴቮንሻየር ዱክ ልጅ ነበረች። ባሏ «ሚስተር ማክሚላን»፣ እሷ «ሌዲ ዶሮቲ ማክሚላን»። አንድ ቤት ውስጥ ማለት ነው።

ዲያናን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1961 ስትወለድ ሌዲ አልነበረችም። አያቷ ገና በሕይወት ስለነበሩ ኧርሉ እሳቸው ነበሩ። በ1975 አያትየው ሲሞቱ አባቷ ኧርል ሆነ፤ እሷም በአንድ ቀን «ሌዲ ዲያና ስፔንሰር» ሆነች። በ1981 ስታገባ የዌልስ ልዕልት ተባለች። «ልዕልት ዲያና» ግን በደንቡ ሆና አታውቅም። በእንግሊዝ «ልዕልት» ከራስ ስም ጋር የሚሄደው ልዕልት ሆና ለተወለደች ነው፤ እንደ ልዕልት አን። ዲያና ልዕልትነቷን ያገኘችው በባሏ ነው። በ1996 ስትፋታ ስሟ «ዲያና፣ የዌልስ ልዕልት» ተብሎ በነጠላ ሰረዝ ተጻፈ። ያቺ ሰረዝ ለጌጥ አይደለችም። የተፋታች ሚስት ምልክት ናት። የራስ ስም፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ማዕረግ ካያችሁ ብዙ ጊዜ «የቀድሞዋ» ማለት ነው።

በአማርኛ «ልዕልት ዲያና» አትበሉ እያልኩ ግን አይደለም። ያ ስም ሕዝብ የሰጣት ስም ሆኗል፤ ዛሬ ተነስቼ ላርመው ብል ማንም አይሰማኝም። ኦፊሴላዊ ሰነድ ስትተረጉሙ ግን የተጻፈውን እንዳለ አስቀምጡ።

የባሮንና የቫይካውንት ልጆች፣ እንዲሁም የኧርል ታናናሽ ወንዶች ልጆች የሚያገኙት «ኦነረብል» የምትል ቃል ናት። እሷም ፖስታ ላይ ትጻፋለች እንጂ በአፍ አትነሳም። ከ1909 ጀምሮ አዲስ አበባ የእንግሊዝ ተወካይ የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የባሮን ቼልምስፎርድ ልጅ ስለነበር በድሮ ሰነዶች ላይ ከስሙ ፊት ይህቺን ታገኛላችሁ። «ክቡር» ብላችሁ ተርጉማችሁ ሚኒስትር አታስመስሉት። አባቱ ማን እንደሆነ ነው የምትናገረው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልምጣ። በእንግሊዝ የመኳንንት መዝገብ ውስጥ የኢትዮጵያ ቦታ እንዳለ ታውቃላችሁ? መቅደላ።

በ1868 መቅደላ ላይ የዘመተው ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ነው። በብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «ሎርድ ናፒየር መቅደላን ወጋ» ይባላል። ያኔ ግን ሎርድ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ አረፉ፤ ባሮንነቱ የተሰጠው ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ ነው። መቅደላ ላይ ሲደርስ ሰር ሮበርት ነበር። ሎርድ ያደረገችው ራሷ መቅደላ ናት። የማዕረጉም ስም «ባሮን ናፒየር ኦፍ መቅደላ» ሆነ። ይህ ማዕረግ የሚወረስ ስለሆነ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ለብዙ ሎርዶች የቦታ ስም ይሰጣቸዋል፤ ግን ከሰረዝ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ነው። ሰባስቲያን ኮ ለምሳሌ በሰነዱ ላይ «ባሮን ኮ፣ ኦፍ ራንሞር» ነው። ራንሞር የማዕረጉ አካል ስላልሆነ ማንም አያነሳውም። የናፒየር ግን እንደዚያ አይደለም። «ኦፍ መቅደላ» ከሰረዙ በፊት ነው ያለችው። ስለዚህ ሎርድ ናፒየር ብላችሁ ልታቆሙ አትችሉም፤ «ሎርድ ናፒየር ኦፍ መቅደላ» ነው ሙሉው።

ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ሌላ ሎርድ ናፒየር ስለነበረ ነው። የስኮትላንዱ ሎርድ ናፒየር ማዕረግ ከ1627 ጀምሮ ያለ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ በ1872 ሁለቱም ሕንድ ውስጥ ነበሩ። የመቅደላው የሕንድ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ነበር። የስኮትላንዱ የማድራስ ገዥ ነበር። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የሕንዱ እንደራሴ ሎርድ ሜዮ ተገደለ። ሥልጣኑን ለጊዜው የያዘው ሎርድ ናፒየር ነው። የቱ? የማድራሱ! የእኛን ታሪክ የሚጽፍ ሰው «ሎርድ ናፒየር በ1872 የሕንድ እንደራሴ ሆነ» የሚል ሰነድ አግኝቶ መቅደላ ላይ ከነበረው ጋር ቢለጥፈው አይፈረድበትም። ግን ተሳስቷል። አራት ፊደል የሆነችውን «መቅደላ» ማየት ነበረበት። እንደ ናፒየር በጦርነት ቦታ የተሰየሙ ሌሎችም አሉ፤ ሞንትጎመሪ ኦፍ አላሜይንን ውሰዱ።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ውጭ አገር ዜጎች። ይሄም በእኛ በኩል ያልፋል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ (ይህቺ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ናት) ስሙ ከኢትዮጵያ ጋር የተቆራኘው ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ነው። በ1986 «ሰር» የሚያሰኘውን የእንግሊዝ የናይትነት ኒሻን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ዓለሙ ሁሉ «ሰር ቦብ» ይለዋል። ግን ሰር አይደለም። ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው፤ አየርላንድ ደግሞ የእንግሊዝን ንጉሥ ርዕሰ ብሔር አድርጋ የምታይ አገር አይደለችም። እንዲህ ላለ ሰው የሚሰጠው የክብር ነው። ከስሙ በኋላ የኒሻኑን ፊደሎች ይጽፋል እንጂ ከስሙ በፊት ሰር አይገባም። በ2005 የተሸለመው ቢል ጌትስም እንደዚያው ነው።

ሌኒ ሄንሪን ከጎኑ አስቀምጡት። ኮሜዲያኑ ሄንሪ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የበጎ አድራጎት ድርጅት ኮሚክ ሪሊፍ በ1985 የተጀመረው በዚያው በኛው ረሃብ ምክንያት ነው። በ2015 ሲሸለም «ሰር ሌኒ» ሆነ፤ እንግሊዛዊ ነዋ። ሥራቸው ተመሳሳይ፣ ልዩነቱ ፓስፖርት። ይህን በአንድ ሰው ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ቴሪ ዎጋን አለ። አየርላንድ የተወለደ የቢቢሲ አቅራቢ ነው። በ2005 የክብሩ ኒሻን ተሰጠው። የእንግሊዝ ዜግነት ሲይዝ «ሰር ቴሪ» ተባለ።

ጃንሆይስ? አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እንግሊዝን ሲጎበኙ የጋርተር ኒሻን ተሸልመዋል። ይህ በ1348 የተቋቋመ፣ ከእንግሊዝ የናይትነት ኒሻኖች የሁሉ የበላይ ነው። ሰር ኃይለ ሥላሴ ተባሉ ወይ? አልተባሉም። የውጭ ንጉሥ ስለሆኑ ደንቡ አይፈቅድም፤ ንጉሠ ነገሥትን ሰር ማለትም ማሳነስ በሆነ ነበር። የኒሻኑ ቤተ ክርስቲያን ዊንዘር ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1879 የተቀበረበት ማለት ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላካትት።

አንዷ ጠያቂ ለንደን ያለው ወንድሟ ለሎርዶች ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ እየጻፈ መሆኑን ነግራኝ፣ ምን ብሎ ይጀምር አለችኝ። ቀላል ነው። ለወንዱ «ዲር ሎርድ» ብሎ የማዕረጉን ስም፤ ለሴቷ «ዲር ሌዲ» ብሎ እንደዚሁ። ለሰር «ዲር ሰር» ካለ በኋላ የራሱን ስም። የዛሬዎቹ አባላት አብዛኞቹ በ1958ቱ ሕግ መሠረት ለዕድሜ ልካቸው ብቻ የተሾሙ ናቸው፤ ልጆቻቸው አይወርሱም። ለመጥራት ግን ለውጥ የለውም። የደብዳቤው መልስ ሲመጣ ፊርማው አንድ ቃል ብቻ ቢሆን አይደንግጥ። ሎርድ የሚፈርመው በማዕረጉ ስም ብቻ ነው፤ የራሱን ስም አይጽፍም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኢንተርኔት ላይ ሎርድነት ይሸጣል የሚሉትስ?» የሚል ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ካሬ ጫማ መሬት ገዝታችሁ ሎርድ ወይም ሌዲ ትሆናላችሁ ይሏችኋል። የምትገዙት የምስክር ወረቀት ነው፤ ግድግዳ ላይ ያምራል። እውነተኛውን ማዕረግ መሸጥ ከ1925 ጀምሮ በሕግ ወንጀል ነው። ሞንዲ ግሪጎሪ የሚባል ደላላ በ1933 በዚሁ ሕግ ተከስሶ 50 ፓውንድና የሁለት ወር እስራት ተፈርዶበታል። ስማችሁን በሕግ «ሎርድ» ብላችሁ ማስቀየር ግን ትችላላችሁ፤ ስም ነው። እንግሊዞቹ በዚያ ስም ፓስፖርት ሲሰጡ ውስጥ ገጽ ላይ ማስታወሻ ይጽፋሉ። ሎርድ የሚለው የባለቤቱ ስም እንጂ ማዕረጉ አይደለም ይላል።